በፈረንጅ ገና ባሌ በዕጣ ደረሰኝ

ከሁሉ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው። ንዴቱ በርዶልኝ፣ ነገሩም ሲያድር የሚያስቅ ሆኖልኝ አይደለም። የምጽፈውም ቀስ ብዬ ነው። ሁለት መስመር እጽፍና ተነሥቼ በመስኮት አያለሁ፤ በረዶው እዚያው አለ፤ እንደገና እናደድና እቀመጣለሁ። መሐል ላይ ወሬው ቢቆራረጥባችሁ በረዶውን ተቆጡልኝ።

ባሌ ታደሰ ባለፈው ሐምሌ ሞተ። ስለ አሟሟቱ አላወራም፤ ስለ ወሩ ግን አወራለሁ። ካልጋሪ ውስጥ በሐምሌ መሞት ተንኮል ነው። ፀሐዩን ጠግቦ ሞቆ፣ ሣሩን አንድ ሁለቴ አጭዶ፣ በረዶውን ለሚስት ጥሎ መሄድ ማለት ነው። ታራዴል በሚባለው ሰፈር በኖርንበት ሃያ ሁለት ዓመት በረዶ የሚጠርገው እሱ ነበር። እኔ አካፋው ጋራዥ ውስጥ የት እንደሚሰቀል ያወቅሁት በዚህ ኅዳር ነው። መኪናም አልነዳም። ባሌ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ስለነበር «አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሾፌር ምን ያደርጋል?» ይለኝ ነበር። ይኸው ምን እንደሚያደርግ አየሁት።

ደግሞ ይጠርግ ነበር ስላችሁ በደንብ ይጠርግ ነበር ማለቴ አይደለም። በየክረምቱ በረዶውን እየዛቀ የሚቆልለው ጽጌረዳዬ ላይ ነው። ሌላ ቦታ ጠፍቶ ነው? በግራ በኩል ባዶ ሣር አለ። በመስኮት ብቅ እልና «ወደዚያ አይደለም አልኩ እኮ!» እላለሁ። ቀና ብሎ አውራ ጣቱን ያሳየኛል። ከዚያ እዚያው ጽጌረዳዬ ላይ ይቀጥላል። ሃያ ሁለት ክረምት።

አንድ ልጅ አለችን፤ ሕሊና ትባላለች። እዚሁ ካልጋሪ ተወልዳ፣ እዚሁ ተምራ፣ እዚሁ ቲያጎ የሚባል ብራዚላዊ አገባች። የቲያጎ ወላጆች ጎረቤት ሰፈር፣ ሳድል ሪጅ ነው የሚኖሩት፤ ከእኛ ቤት በእግር ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። እናቱ ዶና ማርሌኒ ትባላለች። «ዶና» እነሱ ዘንድ እትዬ እንደማለት ነው ሲሉኝ ለአክብሮታቸው ደስ ብሎኝ ነበር፤ እስካሁንም ዶና ነው የምላት፣ ስናደድባትም። አባቱ ኔልሶን ነው። ኔልሶን ወፍራም፣ መላጣ፣ እንግሊዝኛው በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠር ሰው ነው። ካናዳ አሥራ አምስት ዓመት ኖሮ እስከ ዛሬ በክረምት ክፍት ጫማ በካልሲ ያደርጋል።

ኔልሶን ላይ የቆየ ቂም አለኝ፤ ልናገረው። ታደሰ የሞተ ቀን ልቅሶ ቤት መጣ። መምጣቱ ደግ ነው። ግን እንዴት አለቀሰ መሰላችሁ! ደረቱን ይዞ፣ በገዛ ቋንቋው እየጮኸ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሰዎች ሁሉ እኔን ትተው እሱን ውሃ እስኪያጠጡት ድረስ። እኔ የሟች ሚስት ሶፋ ላይ ተቀምጬ እሱን ሳይ ዋልኩ። አንድ ዓመት ተኩል የሚያውቀው ሰው ሠላሳ ዓመት አብሬው ከኖርኩት ከእኔ በላይ ያለቅሳል? ተናድጄ ማልቀስ አቃተኝ። ከዚያ ወዲህም አልቻልኩም። ሰው «ጠንካራ ናት» ይለኛል። ጠንካራ አይደለሁም፤ ተራዬን ተቀምቼ ነው።

አሁን ወደ ዕጣው ልምጣ።

ብራዚሎች ለገና ለእያንዳንዱ ሰው ስጦታ አይገዙም። የቤተሰቡ ስም ሁሉ ዕጣ ውስጥ ይገባል፤ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ስም ይወጣለታል፤ ለዚያ ሰው ብቻ ስጦታ ይገዛል። ያ ሰው የምሥጢር ወዳጅህ ይባላል። ማን እንደደረሰህ ለማንም፣ ለሚስትህም ቢሆን፣ መናገር ክልክል ነው። በበዓሉ ቀን መሐል ላይ ትቆምና ስሙን ሳትጠራ ጠባዩን ትናገራለህ፤ ሌሎቹ እየጮኹ ይገምታሉ። የተገኘው ሰው ተነሥቶ ያቅፍሃል፤ ስጦታውን ሰው ፊት ይከፍታል፤ ተረኛው እሱ ይሆናል። ድሮ ዕጣው በወረቀት ነበር አሉ። አሁን በስልክ ሆኗል፤ ስልኩ ራሱ ዕጣውን አውጥቶ ለየሰዉ መልእክት ይልካል። ባለፈው ዓመት እኔና ታደሰም ገብተን ነበር። ለእሱ የደረሱት የቲያጎ አያት ነበሩ፤ ሬዲዮ ገዛላቸው።

በኅዳር አጋማሽ፣ ነቢያት ጾም በገባ በሁለተኛው ቀን፣ የምስር ወጥ እያማሰልኩ ስልኬ ጮኸ። በማማሰያው እጄ አነሣሁት። «የምሥጢር ወዳጅሽ ታደሰ ነው» ይላል።

አንድ ጊዜ አነበብኩት። መነጽሬን አምጥቼ እንደገና አነበብኩት። ምስሩ አረረ።

ቀና ሳልል ከመኝታ ቤት ሌላ ስልክ ጮኸ። የታደሰ ስልክ ነው። ስልኩን አልዘጋሁትም፤ በየማታው ቻርጅ አደርገዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። በአምስት ወር ውስጥ ሲጮኽ የመጀመሪያው ነው። ሮጬ ነው የሄድኩት። ምን አገኛለሁ ብዬ እንደሮጥኩ ባሰብኩት ቁጥር በራሴ እናደዳለሁ። ከፈትኩት፤ መክፈቻው የሕሊና የልደት ቀን ነው። «የምሥጢር ወዳጅህ ኔልሶን ነው» ይላል።

አያችሁ? ለእኔ የሞተ ባሌን ሰጡኝ፤ ለሞተው ባሌ ደግሞ ሥራ ሰጡት።

ነገሩ ገባኝ። ዶና ማርሌኒ የአምናውን ዝርዝር እንዳለ አውጥታ ስልኩ ላይ ለጥፋዋለች። ሰው ሞቷል አይታወሳትም፤ የሳቅ የጭፈራ ሰዎች ናቸው። የቀበርነው በሐምሌ ነው፤ ለኅዳር እንኳ አልቆየላቸውም። ሕሊናን ደውዬ ልጮኽባት ስልኩን አነሣሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ለምን? ክልክል ነው ተብሏላ! ማን እንደደረሰሽ አትናገሪ ተብሏል። እነሱ ደንብ ባያውቁ እኔ አውቃለሁ። እውነቱን ንገሪን ካላችሁኝ ግን፣ ንዴቴን በስልክ ላባክነው አልፈለግሁም። አንድ ወር ሙሉ ይዤው፣ በፊታቸው ላፈነዳው ነው የፈለግሁት።

ዕቅዴ ይህ ነበር። ታደሰ በሞተበት ዓመት ሚያዝያ ላይ፣ ዋጋው ረክሷል ብሎ፣ የክረምት ቦት ጫማ ገዝቶ ነበር። ሰው በሚያዝያ የበረዶ ጫማ ይገዛል? የሱ ልክ አርባ ሦስት ነው፤ አርባ ሦስት አልቆ ስለነበር አርባ አምስት ገዛ። «ወፍራም ካልሲ አደርግበታለሁ» አለ። ተጣላን። ጫማው ወረቀቱ ሳይነሣለት ካርቶኑ ውስጥ አለ። ይህን ካርቶን በገና ወረቀት ጠቅልዬ እሄዳለሁ። ተራዬ ሲደርስ መሐል ላይ አስቀምጠውና «የእኔ ወዳጅ አድራሻ ቀይሯል፤ እስቲ እናንተ አድርሱለት» እላለሁ። ከዚያ ካፖርቴን ለብሼ እወጣለሁ። ሁለተኛ እግሬ እዚያ ቤት አይረግጥም። ሕሊና ልታየኝ ከፈለገች እኔ ቤት ትምጣ፤ ብቻዋን። ዓረፍተ ነገሯን በእንግሊዝኛ አጥንቼ መስታወት ፊት ሃያ ጊዜ ብያታለሁ።

በዚህ መሐል ኔልሶን ሁለት ጊዜ ደወለልኝ። ደውሎልኝ አያውቅም።

«ሲስተር፣ የአንቺ ወዳጅ... ጥሩ ነው?» አለኝ።

ደሜ ፈላ። «በጣም ጥሩ ነው» አልኩት።

«ችግር የለም?»

«ምን ችግር ይኖራል?»

«ኦኬ፣ ሲስተር» ብሎ ዘጋው። በሳምንቱ ደግሞ ደወለ፤ ያንኑ ጠየቀ፤ ያንኑ መለስኩለት። ሰው የሚቀልደው ልክ አለው አልኩ።

ዋዜማው ላይ ሕሊና ደወለች። «ማሚ፣ ነገ ፒክ አደርግሻለሁ። ላንች ሰባት ሰዓት ነው።»

«በእግሬ እመጣለሁ።»

«በዚህ አይስ? ኖ ዌይ!»

«እግር አለኝ።»

«ማሚ ፕሊዝ... ደግሞ፣ ያው... ብላክ ነው የምትለብሺው?»

«ምን ልልበስ?»

«አይ፣ ኢትስ ፋይን። ጀስት ፎቶ እንነሣለን፤ ሁሉም ሬድ ነው።»

«ጥቁር በፎቶ አይወጣም?»

ተነፈሰች። ስትተነፍስ አባቷን ትመስላለች፤ ለዚህም ተናደድኩ።

በማግስቱ፣ በበዓላቸው ቀን፣ ሆን ብዬ ዘግይቼ ወጣሁ። አምና ለሰባት ሰዓት ተጠርተን ታደሰ ስድስት ሰዓት ተኩል አድርሶኛል። አውቶቡስ ነጂ ነዋ! ኔልሶን በሩን የከፈተልን ፎጣ ታጥቆ ነው። ያን ዕለት ያፈርኩትን ለእናንተም አልነግራችሁም። ታደሰ ግን ምንም ሳይመስለው ወጥ ቤት ገብቶ ድንች መላጥ ጀመረ፤ ኔልሶንም ሱሪ አድርጎ መጥቶ አብሮት ላጠ። ያለ ቋንቋ፣ ሁለት ሰዓት።

ዘንድሮ ግን ክብሬን ይዤ አረፍዳለሁ ብዬ፣ የታደሰን ስልክ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ከቤት ወጣሁ። ካልጋሪን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከተራራው የሚመጣ ቺኑክ የሚባል ሙቅ ነፋስ አለ። ትናንት መጥቶ በረዶውን አቀለጠው፤ ሌሊት ሄደ፤ የቀለጠው ጠዋት መስታወት ሆነ። እኔ ደግሞ ያደረግሁት የቤተ ክርስቲያን ጫማዬን ነው፤ ሶሉ ልሙጥ የሆነ። በክንዴ ጠጉር ያለው፣ ጥርስ ያለው፣ ዋልታ የሚያሻግር ቦት ጫማ ታቅፌ፣ በእግሬ እንደ ሳሙና በሚያዳልጥ ጫማ እሄዳለሁ። ይህን ሞኝነት የማወራው ሌላ ሰው ሳያወራብኝ ብዬ ነው።

ግማሽ መንገድ ላይ እግሮቼ ተለያዩ። በቂጤ ቁጭ አልኩ፤ ካርቶኑ በረረ፤ የገና ወረቀቱ ተቀደደ፤ አንደኛው ጫማ አስፋልቱ ላይ ቆመ፤ ባለቤቱን የሚጠብቅ መሰለ። አንድ ጥምጣም ያደረጉ የፑንጃብ ሰው ፒክአፓቸውን አቁመው እየሮጡ መጡ።

«አንቲ! አንቲ! ተጎዳሽ?»

«ደኅና ነኝ።»

አነሡኝ፤ ጫማውን ለቃቅመው መኪና ውስጥ አስገቡኝ። ጫማውን አዩ፤ እግሬን አዩ።

«ይሄን ለምን አታደርጊም?»

«የእኔ አይደለም። የባሌ ነው።»

ሰውየው ተቆጡ። «ባልሽ በዚህ በረዶ በእግርሽ ለቀቀሽ?»

«ለቀቀኝ» አልኳቸው።

ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ እነ ኔልሶን ደጅ አደረሱኝ። በአምስት ወር ውስጥ ከእኔ ጋር እኩል ታደሰ ላይ የተናደደ ሰው ያገኘሁት ያኔ ብቻ ነው፤ ስማቸውን አለመጠየቄ ይቆጨኛል።

ስምንት ተኩል ሆኗል። ደወሉን ደወልኩ። ኔልሶን ከፈተ። ፎጣ ታጥቋል።

አንድ ሰዓት ተኩል አርፍጄ እንኳ አንደኛ ነኝ! ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው? እኔን ሲያይ ፊቱ መጀመሪያ በራ፤ ከኋላዬ ባዶውን ደረጃ አየ፤ ፊቱ ጠፋ። «ሲስተር» አለኝና ዓይኑን ካርቶኑ ላይ ተከለ። አልሳምኩትም።

የምሳውን ነገር በአጭሩ ልንገራችሁ፤ በአጭሩ ግን አያልቅም። ጾም ላይ ነኝ፤ የእኛ ገና ገና ሁለት ሳምንት ይቀረዋል። ዶና ማርሌኒ ይህን ስለምታውቅ «ለአንቺ ብዬ ሥጋ የሌለበት ሠራሁ!» ብላ አንድ ትሪ ሙሉ ዓሣ አመጣች። ሁለት ቀን በውሃ እየቀያየረች የዘፈዘፈችው የደረቀ ዓሣ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ሊቃውንቱ ያልጨረሱትን ጉዳይ ከዶና ማርሌኒ ጋር ልጨርሰው አልችልም። ደግሞ ላዩ ላይ እንቁላል ተከትፎበታል።

«እንቁላል አይሆንም፣ ዶና» አልኳት።

«ችግር የለም!» ብላ እንቁላሉን በጣቷ ትለቅም ጀመር። ሥሩ ክሬም ወጣ። ክሬሙንም በማንኪያ ልትጠርግ ስትል እጇን ያዝኳት። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ለእኔ ብላ ያን ያህል መልፋቷን ሳስብ ደግሞ በራሴ ተናደድኩ። ድንች ሰላጣው ማዮኔዝ አለበት። በቅቤ የታመሰ የካሳቫ ዱቄት አለ፤ ቅቤው ሳያንስ የአሳማ ሥጋ ገብቶበታል። የተረፈኝ ሩዝ ነው። ሩዙ ውስጥ ዘቢብ አለ። ጤነኛ ሰው ሩዝ ውስጥ ዘቢብ ይጨምራል? ቲያጎም እንደማይወድ ያወቅሁት ያኔ ነው፤ እናቱ ዞር ስትል የራሱን ዘቢብ እየለቀመ ወደ እኔ ሳህን ያሻግራል።

«እንደምን አደሩ፣ እማማ» ይለኛል እያሻገረ። ታደሰ ያስተማረው አማርኛ ይህ ብቻ ነው፤ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓትም ይሁን ማታ እንደምን አደሩ ነው።

«አድሬያለሁ» አልኩት።

ኔልሶን ምሳ አልበላም። ውጭ በረንዳው ላይ፣ በዚያ ብርድ፣ ክፍት ጫማውን በካልሲ አድርጎ ሥጋ ይጠብሳል። በየደቂቃው በመስታወቱ ወደ ውስጥ ያያል፤ ሰዎቹን ይቆጥራል፤ ያልበዋል። በዚያ ብርድ የሚያልበው ሰው አይቼ አላውቅም።

አሥር ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። አክስት፣ አጎት፣ ያ ሬዲዮ የተገዛላቸው አያት፣ ሁሉም ቀይ ለብሰዋል። እኔ መሐላቸው እንደ ተቃጠለ አምፖል ጥቁር ሆኜ ካርቶኔን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ። ኔልሶን መቆንጠጫውን እንደያዘ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመ።

ቲያጎ ጀመረ። «የእኔ ወዳጅ ስልክ ስታወራ ስልክ አያስፈልጋትም...» ሳይጨርስ ሁሉም «ማማ!» ብለው ጮኹ። ዶና ማርሌኒ ተነሥታ አቀፈችው፤ ስጦታዋን ከፈተች፤ እሷ ቀጠለች። «የእኔ ወዳጅ ውሃ ስታፈላ ታሳርራለች።» ሕሊና ሆነች። ልጄ ተነሣች።

«የእኔ ወዳጅ» አለች፣ «ኦልዌይስ ትቆጣለች...»

ሁሉም በአንድ ድምፅ ስሜን ጠሩ። አያትየው እንኳ፣ በጆሮአቸው የማይሰሙት!

የገዛችልኝ በጫማ ሥር የሚታሰር የብረት ጥርስ ነው፤ በበረዶ ላይ እንዳልወድቅ። ሁለት ሰዓት ቀድማ ብትሰጠኝ ምን ነበረበት? አቀፍኳት፤ ቂጤን አመመኝ። ተራዬ ደረሰ።

መሐል ላይ ቆምኩ። ያቺ ሃያ ጊዜ ያጠናኋት ዓረፍተ ነገር ምላሴ ላይ ናት። ካፖርቴ የት እንደተሰቀለ አይቻለሁ። ግን ደንቡ ደንብ ነው፤ መጀመሪያ ጠባዩ ይነገራል። ጠባዩን ልናገር ስል እንግሊዝኛው ጠፋኝ።

«ሕሊና፣ ተርጉሚ» አልኩ። «የእኔ ወዳጅ ወንድ ነው።»

«አጎቴ!» «ቲያጎ!» ይላሉ።

«የተጠራበት ቤት ባለቤቱ ሳይታጠብ ይደርሳል።»

ሕሊና ተረጎመች። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። አክስትየዋ «ብራዚላዊ አይደለም!» ብላ ጮኸች።

«አንድ ቤት ሁለት ሾፌር አያስፈልግም ይላል። ሚስቱን በበረዶ በእግሯ ይለቃል።» ድምፄ ከፍ እያለ ነው። «በሚያዝያ የክረምት ጫማ ይገዛል። ልኩ ሲጠፋ ሁለት ቁጥር አስበልጦ ይገዛል። ተው ብትሉት አይሰማም!»

ሕሊና መተርጎም አቆመች።

«ተርጉሚ አልኩሽ።»

«ማሚ...»

«ተርጉሚ! በረዶውን ጽጌረዳዬ ላይ ይቆልላል። ሃያ ሁለት ዓመት ነግሬዋለሁ። አውራ ጣቱን ያሳየኛል። ደግሞ ሐምሌ ላይ፣ ገና ጽጌረዳው ሳይረግፍ...»

ሳቁ ቆሟል። ቲያጎ ለአያቱ በጆሮአቸው ጮክ ብሎ ሲያስረዳ ብቻ ይሰማል። ከወጥ ቤቱ በር መቆንጠጫ ወደቀ።

«ታዴሲ» አለ ኔልሶን።

ልክ ነው፤ አገኘው። ማንም ግን አላጨበጨበም። ዶና ማርሌኒ እጇን አፏ ላይ ጭና ወደ ባሏ ዞረች። «ኔልሶን! ዝርዝሩን አንተ ነህ የሠራኸው! ምን አደረግክ?»

ለካስ ዝርዝሩን የሠራው እሱ ኖሯል። አንድ ወር ሙሉ የተናደድኩት በተሳሳተ ሰው ላይ ነው፤ ይህ ራሱ ያናድዳል። ኔልሶን በቋንቋው መናገር ጀመረ፤ ቲያጎ እየተከተለ ወደ እንግሊዝኛ፣ ሕሊና እያለቀሰች ወደ አማርኛ።

«ስልኩ የአምናውን ስሞች አንድ በአንድ አመጣና ይቀጥል ወይስ ይሰረዝ ብሎ ጠየቀኝ። እሱ ጋ ስደርስ ጣቴ ይሰረዝ የሚለውን መንካት እምቢ አለኝ። በእኔ እጅ አይሆንም አልኩ። የደረሰው ሰው መጥቶ ይነግረኛል፣ እኔ እወስደዋለሁ ብዬ አሰብኩ። አንድ ወር ጠበቅሁ፤ የመጣ የለም። ለሁሉም ደወልኩ፤ ሁሉም ወዳጄ ጥሩ ነው አሉኝ።» እኔን አየኝ። «አንቺን ሁለት ጊዜ ጠየቅሁሽ፣ ሲስተር። በጣም ጥሩ ነው አልሽኝ።»

ብዬዋለሁ።

«እዚህ አገር አሥራ አምስት ዓመት ስኖር» አለ፣ «ቤቴ ቀድሞ የመጣ ሰው እሱ ብቻ ነው።»

አሁን ያቺን ዓረፍተ ነገር እላለሁ ብዬ አፌን ከፈትኩ። የእኔ ወዳጅ አድራሻ ቀይሯል። በእንግሊዝኛም በአማርኛም አለችኝ። አልወጣችም። ወር ሙሉ ያስቀመጥኩት ንዴት መሄጃ አጣ። ካፖርቴን አየሁ። ልጄን አየሁ። ከዚያ ቦርሳዬን ከፍቼ የታደሰን ስልክ አወጣሁና ለኔልሶን ሰጠሁት። መልእክቱን አነበበ። የራሱን ስም አነበበ።

«ለእሱ የደረስከው አንተ ነህ» አልኩት። «ይህ ከእሱ ነው።» የተቀደደውን ካርቶን ደረቱ ላይ ገፋሁት። ገፋሁት ነው ያልኩት፤ ሰጠሁት አላልኩም።

መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ከፈተው። ክፍት ጫማውን አውልቆ በካልሲው ላይ አደረገው። የኔልሶን እግር አርባ አንድ ነው። ቆሞ አንድ እርምጃ ሲራመድ ጫማው ባለበት ቀርቶ እግሩ ውስጡ ሄደ። በደንቡ መሠረት ስጦታ የተቀበለ ሰው የሰጠውን ያቅፋል። የሰጠው የለም። ስለዚህ እኔን አቀፈኝ፤ ጫማውን እየጎተተ መጥቶ፣ ሥጋና ጭስ እየሸተተ። ትከሻዬ ላይ ማልቀስ ጀመረ፤ እንደዚያን ቀን፣ ደረቱን ይዞ፣ በሙሉ ድምፁ።

በዚህ ጊዜ ግን አልቀደመኝም። ጥሎብኝ ስጮኽ ከፍ ያለ ድምፅ አለኝ፤ አያትየው ሰሙኝ። ውሃ ያጠጡት እኔን ነው፤ እሱን ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ፎቶውንም ተነሣን። ጥቁር በደንብ ይወጣል።

እንግዲህ ነገሩ በዚህ አማረ ብላችሁ እንዳትዘጉት። ዘቢቡን አልረሳሁም። ቂጤ እስካሁን ያመኛል። በሁለተኛው ቀን ደግሞ በረዶ ጣለ፤ ጉልበት ድረስ። ጠዋት አልጋዬ ላይ ሆኜ አካፋውን እያሰብኩ ስናደድ፣ ከደጅ ካር፣ ካር የሚል ድምፅ ሰማሁ። በረዶ ሲጠረግ የሚሰማው ድምፅ ነው። ሳላስበው ነጠላዬን ደርቤ መስኮቱን ከፈትኩ።

ኔልሶን ነው። የራሱን አካፋ ይዞ መጥቷል። ገና አንድ ሰዓት ከሩብ ነው፤ ማንም በዚያ ሰዓት ና አላለውም። ያን መርከብ የሚያህል ጫማ አድርጎ፣ ሁለት እርምጃ ሲሄድ አንዱን ጫማ በረዶ ውስጥ እየረሳ፣ ተመልሶ እየነቀለ ይዝቃል። ግራው ላይ ባዶ ሣር አለ። የዛቀውን ግን በሙሉ፣ አንድ አካፋ እንኳ ሳያስቀር፣ ጽጌረዳዬ ላይ ይቆልላል።

«ወደዚያ አይደለም አልኩ እኮ!» ብዬ ጮኽኩበት።

አማርኛ አይሰማም። ቀና አለ፤ በሙሉ ጥርሱ ሳቀልኝ፤ አውራ ጣቱን አሳየኝ።

መስኮቱን በኃይል ዘጋሁት። ከዚያ እንደገና ከፈትኩት፤ ያልነገርኩት ገና ብዙ ነበር።